ግጥሙ እኔ ጋ ይታያል፣ ሌላ አገር ግን ባዶ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የሙዚቃ አፕ እየሠራ ነው። የዘፈን ግጥሞችን ፈቃድ ካለው አንድ አቅራቢ በኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ በሚጠይቅበት በር) ያመጣል። ሰርቨሩ ክላውድ ላይ በበርካታ አገሮች ተሰራጭቶ ነው የሚሠራው። እሱ ጋ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ሌላ አገር ያሉ ተጠቃሚዎች ግን አንዳንድ ዘፈን ላይ ባዶ ገጽ ያያሉ፤ ይባስ ብሎ ትናንት የነበረ ግጥም ዛሬ ይጠፋል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ኤፒአዩ ስህተት አይመልስም፣ ሁሌም 200 ነው፣ «ተሳክቷል» የሚለው ኮድ። «አገሩን ራሴ ለይቼ ላግድ? ወይስ ግጥሙ በሚፈቀድበት አገር ፕሮክሲ (ጥያቄን ተቀብሎ በራሱ ስም የሚያስተላልፍ ሰርቨር) አስቀምጬ በእሱ በኩል ልጠይቅ?» ይላል። ከኮዱም ቆርጦ ለጥፏል።

ወንድሜ፣ ኤፒአዩ አልተበላሸም። የተጠየቀውን እየመለሰ ነው። አንተ የጠየቅከው «ይህ ግጥም አለ?» ብለህ ይመስልሃል። አቅራቢው የሚሰማው ግን «ይህን ግጥም እዚህ አገር ላለ ሰው ላሳየው?» የሚል ነው፤ «እዚህ» የሚለውን ደግሞ ከሰርቨርህ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ይገምታል፣ ምክንያቱም ኮድህ የተጠቃሚውን አገር የትም ቦታ አይልክም። ሰርቨርህ በብዙ አገር ስለተበተነ ጥያቄው አንዴ ከጀርመን፣ አንዴ ከሲንጋፖር፣ አንዴ ከአሜሪካ ይወጣል። የመጣውን መልስ ደግሞ በዘፈኑ መለያ ቁጥር ብቻ ካሽ አድርገህ (ለጊዜው አስቀምጠህ) ለዓለም ሁሉ ታድላለህ። ካሹን ቀድሞ የሞላው ሰው ያገኘውን ሁሉም ይወርሳል። ትናንት ታይቶ ዛሬ የጠፋው ለዚህ ነው፦ የካሹ ጊዜ አለቀ፣ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግጥሙ ከታገደበት አገር ወጣ፣ በቃ።

ለመሆኑ ግጥም በአገር የሚለያየው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የተቀዳው ድምፅና ግጥሙ የአንድ ባለቤት ንብረት አይደሉም። ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ የሌብሉ፣ ማለትም የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያው ነው። ግጥሙና ዜማው ግን የደራሲዎቹና መብታቸውን የሚያስተዳድሩላቸው የሙዚቃ አሳታሚዎች ነው። መለያ ቁጥራቸው ራሱ ይለያያል፤ የቅጂው አይኤስአርሲ፣ የድርሰቱ አይኤስደብሊውሲ ይባላል። አንድ ዘፈን አራት ደራሲ ሊኖረው ይችላል፤ አራቱም የተለያየ አሳታሚ ጋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ አሳታሚ ደግሞ በየአገሩ መብቱን ለሌላ ንዑስ አሳታሚ ወይም እንደ ጃፓኑ ጃስራክና እንደ ጀርመኑ ጌማ ላለ የደራሲያን ማኅበር ሊሰጥ ይችላል። አቅራቢው በአንድ አገር ከአራቱ ሦስቱን ቢያስፈርም ግጥሙን ሦስት አራተኛ አያሳይም። ሙሉውን ያግዳል።

ስለዚህ ዘፈኑ በዚያ አገር መጫወቱ ስለ ግጥሙ ምንም አይነግርህም። ዘፈኑን በኢንተርኔት ከሚያጫውተው የዥረት አገልግሎት «ይህ ዘፈን በነዚህ አገሮች ይገኛል» የሚል ዝርዝር አምጥቶ ለግጥሙም የሚጠቀም ኮድ ስንት ጊዜ እንዳየሁ! ያ ዝርዝር ስለ ቅጂው ነው። ግጥሙ የራሱ ዝርዝር አለው፣ እሱም ያለው አቅራቢህ ጋ ነው።

«ይሄማ የድሮ ዘፈን ነው፣ መብቱ አልቋል» የሚለውም በአገር ይለያያል። የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛው ልክ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። የአውሮፓ ኅብረት 70 ይላል። ሜክሲኮ 100። ጃፓን በ2018 መጨረሻ፣ ካናዳ በ2022 መጨረሻ (ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከ50 ወደ 70 አሳደጉት። አሜሪካ ደግሞ ለብዙዎቹ የቆዩ ሥራዎች የምትቆጥረው ከሞት ሳይሆን ከታተሙበት ዓመት ተነስታ ነው፣ 95 ዓመት። ይሄን ሁሉ በኮድ ልጽፈው ካልክ መብትህ ነው፤ እኔ ግን እንቅልፌን እመርጣለሁ።

እንግዲህ «ራሴ ላግድ?» ላልከው መልሴ አይ ነው። የራስህን የተከለከሉ አገሮች ዝርዝር አትሥራ። ውል ያልቃል፣ ይታደሳል፣ አሳታሚ ካታሎጉን ይሸጣል፣ ዝርዝርህ በሳምንት ውስጥ ያረጃል። ወሳኙ አቅራቢው ነው፤ ያንተ ሥራ የተጠቃሚውን አገር በሐቅ መንገርና የመጣውን መልስ ሳታዛባ እስከ ስክሪኑ ማድረስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለየት ይላል። ከአቅራቢው ጋር የፈረምከው ውል አፕህ ራሱ በነዚህና በነዚህ አገሮች ብቻ ይሠራል የሚል ከሆነ ያ የውጭ በር ነው፣ እሱን አንተ ትዘጋዋለህ። ውሉን አንብበው። ቢሰለችም አንብበው።

አገሩን ከየት ታመጣለህ? ክላውድፍሌር (ጥያቄዎችን ከሰርቨርህ ቀድሞ የሚቀበል አገልግሎት) ጀርባ ከሆንክ አገሩን በሁለት ፊደል በሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚላክ አጭር መረጃ) ይልክልሃል፤ ክላውድፍሮንትም ሄደሩን ካበራህለት እንደዚያው ያደርጋል። ሁለቱም ከሌሉህ እንደ ማክስማይንድ ያለ የአይፒ ዳታቤዝ ሰርቨርህ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ግን አድሰው፣ ያረጀ የአይፒ ዳታቤዝ ሰውን ካለበት አገር አንስቶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ክላውድፍሌር አገሩን ካላወቀ «ኤክስኤክስ»፣ ጥያቄው ከቶር (የተጠቃሚን ማንነት ከሚደብቀው ኔትወርክ) ከመጣ ደግሞ «ቲ1» ብሎ ይልካል። ይሄን እንዳለ ለአቅራቢው ካስተላለፍክ ምን እንደሚመልስልህ አንድዬ ይወቅ። እኔ አገሩ ያልታወቀን ሰው ግጥሙ እንደታገደበት ሰው ነው የምቆጥረው። ጥብቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥርጣሬው ሲመጣ ማብራሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ተጠቃሚው የሚልከውን ነገር አትመን። ጥያቄው ያለፈባቸውን አይፒዎች የሚዘረዝረው «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የሚባለው ሄደር ማንም ሰው በእጁ ሊጽፈው የሚችል ነው፤ ውሰድ ካልኩህም የራስህ ፕሮክሲ የጨመረውን ክፍል ብቻ ነው። የስልኩ ቋንቋም አገር አይደለም። ስልኩን ፈረንሳይኛ ያደረገ ሰው ካናዳም ሴኔጋልም ሊሆን ይችላል፤ «ኤን-ዩኤስ» (የአሜሪካ እንግሊዝኛ) ደግሞ ሲገዛው እንደነበረ የተወው ሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ። ኮዶቹ ላይም ተጠንቀቅ፦ ብሪታንያ በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ የአገር ኮድ «ጂቢ» ናት እንጂ «ዩኬ» አይደለችም፣ ግሪክም «ጂአር» ናት፣ የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤቶች ግን «ኢኤል» ይሏታል። ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ አገር ሙሉ ባዶ ገጽ እንዲያይ ለማድረግ ግን ይበቃል።

ተጠቃሚው የተመዘገበበት አገርና አሁን ያለበት አገር ሲለያዩስ? በነባሪ አሁን ያለበትን ያዝ። ነገር ግን የሚከፈልበት አገልግሎት ካለህና ደንበኞችህ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪዎች ከሆኑ፣ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የኅብረቱ ደንብ አለ፤ ደንበኛው ለጊዜው ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ አገሩ ያገኘው የነበረውን ይዘት እዚያም እንዲያገኝ ያዛል። በዚህ ጊዜ የምትልከው የመኖሪያ አገሩን ነው ማለት ነው። ይህ አንተን ይመለከት እንደሆነ ከአቅራቢው ጋር በጽሑፍ ተነጋገር፣ በግምት አትሥራው።

አንዳንድ አቅራቢ የአገር ኮድ ይቀበላል፣ አንዳንዱ የተጠቃሚውን አይፒ ይፈልጋል። ምርጫ ከሰጠህ ኮዱን ላክ። አይፒ በአውሮፓ ሕግ የግል መረጃ ነው፣ ሳያስፈልግ ለሦስተኛ ወገን ማቀበል ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ታዲያ ከተጠቃሚው ስልክ ቀጥታ ልጥራው፣ አቅራቢው አገሩን ራሱ ያያል» የሚል ሐሳብ ይመጣልሃል። ያጓጓል። ግን የኤፒአይ ቁልፍህ አፑ ውስጥ ይገባል፣ አፕ ውስጥ የገባ ቁልፍ ደግሞ የሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ካሹ። የአገር ገደብ ችግር ተብለው ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሲከፈቱ የካሽ ችግር ሆነው ነው የሚገኙት። እኔም ተቃጥዬበታለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁት አንድ ፕሮጀክት ግጥሙን በዘፈንና በአገር ለይቼ በሚገባ አስቀመጥኩ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሲዲኤን (የገጾችን ቅጂ ይዞ በየአገሩ የሚያድል አገልግሎት) ግን ረሳሁት። ሲዲኤኑ የሚያውቀው የገጹን አድራሻ ብቻ ነው፣ አድራሻው ደግሞ ለሁሉም አገር አንድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ኮድ ስበረብር ከረምኩ። ኮዱ ምንም አላጠፋም። ሲዲኤኑ ቀድሞ የያዘውን ገጽ ላገኘው ሁሉ ያድል ነበር።

ስለዚህ የካሹ ቁልፍ ቢያንስ ዘፈኑንና አገሩን ይያዝ። ትርጉም የምታሳይ ከሆነ ቋንቋውን፣ ከድምፁ ጋር እኩል የሚሄድ ግጥም የምታሳይ ከሆነም ዓይነቱን ጨምር፣ ምክንያቱም ተራው ግጥም ተፈቅዶ ትርጉሙ ሊከለከል ይችላል። ይሄ በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ብራውዘሩ፣ ሲዲኤኑ፣ የሰርቨርህ ሚሞሪ፣ አፑ ስልኩ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይል፣ ሁሉም ካሽ ናቸው። መልሱ በምን እንደሚለያይ ለካሽ የሚነግረው «ቫሪ» የሚባለው ሄደር ሁሉንም ይፈታል የሚሉህን አትስማ፤ ከነጭራሹ የማያዩት ሲዲኤኖች አሉ። እኔ አሁን የምሠራበት መንገድ ቀላል ነው፦ የዘፈኑን ስም፣ የዘፋኙን ስምና ሽፋኑን የያዘው ገጽ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ እንደልቡ ካሽ ይደረግ። ግጥሙ ብቻ በሌላ ጥሪ ለብቻው ይምጣ፣ ሲዲኤኑም እንዳይዘው በሄደሩ «ፕራይቬት፣ ኖ-ስቶር» ይባል። ትንሽ ይዘገያል። ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

ገጾችህን ቀድመህ እየገነባህ የምታስቀምጥ ከሆነ ይሄ ይበልጥ ይመለከትሃል። ገጹ ሲገነባ ተጠቃሚ የለም። አገሩ የገንቢው ማሽን አገር ነው። በዚያ መንገድ ግጥም ገጹ ውስጥ ካተምክ ዓለም ሁሉ በአንድ አገር ፈቃድ ያነባል። የጉግል መፈለጊያ ሮቦትም በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ አይፒ ስለሆነ፣ አሜሪካ የተፈቀደ ግጥም በፍለጋ ውጤት ላይ ለሌላውም ቁራጩ ሊወጣ ይችላል። የግጥሙን የመጀመሪያ መስመሮች የገጹ መግለጫ ውስጥ አትክተታቸው።

ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? ግጥሙን ምን ያህል ማስቀመጥ እንደምትችል ውሉ ይነግርሃል፣ ከዚያ አትለፍ። የታገደ የሚለውን መልስ ከግጥሙ ባነሰ ጊዜ አስቀምጥ፣ ነገ ሊከፈት ይችላልና። እኔ ከአንድ ቀን አላሳልፈውም። የተበላሸ ጥሪን መልስ ጭራሽ አታስቀምጥ። አቅራቢው «ይሄን ዘፈን አውርዱ» ብሎ ቢጽፍልህ ደግሞ በሁሉም አገር ያለውን በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት መቻል አለብህ፤ ይሄን ከመጀመሪያው ካላሰብክበት በኋላ ራስህን ትነጫለህ።

ምላሹን የምታነብበት መስመር ላይም ችግር አይቻለሁ። አንተ የምትፈትሸው ግጥሙ ባዶ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። ባዶ ጽሑፍ ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግጥሙ ገና ያልተሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ያለ ግን የታገደ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ጥሪው ከሽፎ ይሆናል። ለምሳሌ ሙዚክስማች የሚባለው የግጥም አቅራቢ ለእነዚህ የተለያዩ ምልክቶች አሉት፤ ግጥም አለ ወይ፣ ሙዚቃ ብቻ ነው ወይ፣ የታገደ ነው ወይ የሚሉ። እውነተኛውን የሁኔታ ኮድም ኤችቲቲፒው ላይ ሳይሆን ምላሹ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። «ሁሌም 200 ነው» ያልከው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ያንተም አቅራቢ እንዲህ የሚያደርግ እንደሆነ ውስጡን ገብተህ እይ።

ከራስህ ሰርቨር ወደ አፑ ስትመልስ ግን እንዲህ አታድርግ። ለታገደ ግጥም የተሠራ ኮድ አለ፣ 451 ይባላል፣ በሕግ ምክንያት አይገኝም ማለት ነው፤ በ2016 አርኤፍሲ 7725 በሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ወጥቷል። 404 ካልክ አፑ «የለም» ብሎ ያስባል፣ 403 ካልክ ደግሞ ተጠቃሚውን እንደገና ግባ እያለ ያስቸግረዋል። አንድ ወጥመድ አለው ግን፦ 451 በነባሪ ካሽ ሊደረግ የሚችል ምላሽ ነው። ሄደሩ ላይ ካልከለከልክ የአንዱ አገር እገዳ ለጎረቤቱ ይደርሳል፣ ወደጀመርንበት ተመለስን ማለት ነው።

ስክሪኑ ላይ ምን ይባል? «ስህተት ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ» አትበል። ሰውየው አምስት ጊዜ ይሞክራል፣ ከዚያ አንድ ኮከብ ይሰጥሃል። «የዚህ ዘፈን ግጥም ባሉበት አገር ለማሳየት ፈቃድ የለንም» በል፣ በቃ። የዘፈኑ ስምና የዘፋኙ ስም እዚያው ይቆይ። ባዶ ነጭ ቦታ አትተው፣ ቦታውን አጥበው። የሚታየው ግጥም ሥር ደግሞ አቅራቢው የሚልከውን የቅጂ መብት መስመር እንዳለ አስቀምጥ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደታየ የሚቆጥር መከታተያም ከላከ አትንቀለው፣ የደራሲዎቹ ክፍያ የሚሰላው በእሱ ነውና።

ገደቡ የሚያፈስባቸው ቦታዎችም አሉ። ሰው በግጥም መስመር ዘፈን ሲፈልግ የሚወጣው ቁራጭ። ለጓደኛ የሚላክ የግጥም ምስል። ማሳወቂያ ላይ የሚወጣ ስንኝ። ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ የወረደ ግጥም። የሰርቨርህ ሎግ ሳይቀር። ሁሉም በአንዱ በር ይለፉ፣ ማለትም ግጥም የሚሰጥ አንድ ፈንክሽን ብቻ ይኑርህ፣ ያለ አገር የማይጠራ።

ፕሮክሲው ይቅር። ግጥሙ በሚፈቀድበት አገር በኩል ጠይቀህ በማይፈቀድበት ስታሳይ ጥፋቱ የተጠቃሚው አይደለም፣ ያንተ ነው፣ ሆን ተብሎ እንደተደረገም ኮድህ ራሱ ይመሰክራል። ተጠቃሚው በራሱ ቪፒኤን ቢመጣ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ምን ያህል መከላከል እንዳለብህ ውሉ ላይ እይ። ብቻ «ቪፒኤን ይሞክሩ» ብለህ እንዳትጽፍለት።

ክፍተቱን ከሌላ ድረ ገጽ ገልብጬ ልሙላውም አትበል። የግጥም ድረ ገጹ ጂንየስ በ2019 ጉግልን የከሰሰው ግጥሞቼ ተገልብጠዋል ብሎ ነበር፤ ግጥሞቹ ላይ ቀጥ ያለና የተቆለመመ አፖስትሮፍ እያፈራረቀ ምልክት ደብቆባቸው ነበር። ክሱ አላዋጣውም፣ የግጥሙ መብት የደራሲዎቹና የአሳታሚዎቹ እንጂ የጂንየስ አልነበረምና። ከዚያ ድረ ገጽ ፈቃድ ብታገኝ እንኳ ያልነበረውን መብት ሊሰጥህ አይችልም። እንደ ቻትጂፒቲ ላለ የቋንቋ ሞዴል «ግጥሙን ጻፍልኝ» ማለትም መውጫ አይደለም። ኖቬምበር 2025 የሙኒክ ፍርድ ቤት ጌማ ባቀረበው ክስ ላይ የዘጠኝ ዘፈኖችን ግጥም በተመለከተ በኦፕንኤአይ ላይ ፈርዷል።

ለሙከራ በቪፒኤን እየዞርክ አትልፋ። የሙከራ ሰርቨርህ ላይ አገሩን በእጅ የምታስገባበት መንገድ አብጅ፣ ዋናው ሰርቨር ላይ ግን በምንም ተአምር እንዳይኖር። አቅራቢውን አንድ አገር የሚከለከል፣ ሌላ አገር የሚፈቀድ ዘፈን ጠቁመኝ በለው፤ በእሱ ዘፈን መጀመሪያ ከተፈቀደው አገር፣ ቀጥሎ ከተከለከለው፣ ከዚያ እንደገና ከተፈቀደው ጠይቅ። ሁለተኛው መልስ ግጥሙን ካሳየ ወይም ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከተለየ ካሹ አሁንም እያፈሰሰ ነው።

ደግሞ የለጠፍከው ኮድ ሰባተኛ መስመር ላይ የኤፒአይ ቁልፍህ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሌላውን ነገር ሁሉ ተወውና መጀመሪያ እሱን ቀይረው።